«እማማ፣ አንቺስ መቼ ነው የምትሞቺው?»

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት አባት ነኝ፤ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። አምስት ዓመት ተኩል የሆናት ሴት ልጅ አለችን። የምትናገረው ነገር ያስቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ አፍ ያስይዛል። መብራት ሲጠፋ «መብራትም ቀን ቀን ይተኛል እንዴ?» ትላለች። ማታ በታክሲ ስንመለስ ጨረቃዋን አይታ «እየተከተለችን ነው፤ እኛ ቤት ልታድር ነው» አለችኝ። እንግዶች ቡና ላይ እያሉ «እማዬ እኮ እናንተ እንደምትመጡ ስትሰማ ‹ኡፍ ደከመኝ› አለች» ብላ ባለቤቴን መሬት ዋጠኝ አሰኝታታለች። ይህን ሁሉ በደብተር እጽፋለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ በስልኬ እየቀረጽኩ ቲክቶክ ላይ እለቃለሁ፤ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን በጣም ይወዱታል።

ነገሩ የተበላሸው አባቴ ካረፈ በኋላ ነው። እናቴ አሁን ከእኛ ጋር ናት። ለልጄ «አባባ ሩቅ አገር ሄዷል» ነው ያልናት። እሷም «አክስቴ ሩቅ አገር ሆና ትደውል የለ? አባባ ለምን አይደውልም?» ብላ ነበር፤ ይህንንም ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ከአርባው በኋላ አንድ ቀን ቁርስ ላይ እናቴን «እማማ፣ አንቺስ መቼ ነው የምትሞቺው?» አለቻት። እየቀረጽኩ ነበር፤ ሳላስበው ሳቅሁ፤ ቪዲዮውንም ለቀቅሁት። እናቴ ይህን ከዘመድ ሰማች። ከዚያ ወዲህ ልጅቷን እንደ ድሮው አታቅፋትም። «ስድ አድርገህ አሳደግካት፤ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ትለኛለች። ባለቤቴም ከእናቴ ጋር ናት። ልጄ ደግሞ ስልክ ስታይ የድሮ ንግግሯን እየደጋገመች ካልሳቅንላት ታለቅሳለች። ዝም ላሰኛት ወይስ እንደ ልቧ ትናገር? የአባቴ መንፈቅም እየደረሰ ነው፤ መቃብሩ ጋ ይዘናት ብንሄድ ይጎዳታል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዝም አያሰኟት፤ እንደ ልቧ ትናገር ብለውም አይተዉዋት። ልጅዎ ሰሚ ሞልቷታል፤ የጎደላት መላሽ ነው። በደብዳቤዎ ውስጥ ብዙ ንግግሯን ጽፈውልኛል፤ ያስቃሉ፣ ያምራሉ። ለአንዱም ግን ምን ብለው እንደመለሱላት አልጻፉም። እኔን ያስጨነቀኝ ይህ ነው።

«አባባ ለምን አይደውልም?» የሚለውን ቀልድ አድርገው አይዩት። ለእርሷ «ሩቅ አገር» ማለት አክስቷ ያለችበት ነው። እዚያ የሄደ ሰው በቪዲዮ ይደውላል፣ ስጦታ ይልካል፣ አንድ ቀን ሻንጣ ይዞ ይመጣል። በየቤታችን ውጭ የሄደ ሰው አለና ልጆቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። እናንተ ሄዷል አላችኋት፤ ለቅሶ የመጣው ሰው ደግሞ «ሞተ» እያለ ሲያነባ ሰማች። ድንኳኑን አይታለች፤ የአያቷን ጥቁር ልብስ አይታለች። ሁለቱ ወሬ አልገጥም ሲላት በአምስት ዓመት አእምሮዋ ልታገጣጥመው ሞከረች፤ አያቷ ትቷት ሄዶ ረስቷት ይሆን ወይ የሚል ሐሳብም ሳይመጣባት አይቀርም። ይህን ጥያቄ ደብተሩ ውስጥ ፈልገው ያውጡትና መልስ ይስጡት። ዘግይቷል ብለው አይተዉት፤ ልጆች ዘግይቶ የመጣ መልስም ይቀበላሉ።

ልጆች ሞትን የሚረዱት ቀስ በቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ማሪያ ናጊ የተባለች ተመራማሪ የሃንጋሪ ልጆችን ስለ ሞት ጠይቃ ያገኘችውን አሳትማ ነበር። ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ሞትን እንደ ጉዞ ወይም እንደ እንቅልፍ ነበር የሚያዩት፤ ለእነሱ የሞተ ሰው ሊመለስ ይችላል። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች እንደሚያሳዩት አብዛኞቹ ልጆች ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ሦስት ነገሮችን ይጨብጣሉ፦ የሞተ ሰው አይመለስም፤ ሰውነቱ መሥራት ያቆማል፤ ሞት ለሰው ሁሉ ነው። ልጅዎ እዚህ መንገድ ላይ ናት። «አንቺስ መቼ ነው?» ስትል ሦስተኛውን ደርሳበታለች ማለት ነው፤ አባባ ከሞተ እማማም ልትሞት ነው። ይህን ለማሰብ የበቃችው ማንም ሳይነግራት ነው። ጥያቄዋ ውስጥ ያለው ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም የመጣው ከፍቅር ነው። ስድ የሆነ ልጅ አያቱ ስለመሞቷ አይጨነቅም።

እንግዲህ ምን ይበሏት? ጸጥ ባለ ሰዓት፣ እርስዎና እናቷ አብራችሁ፣ በአጭሩ እንዲህ ብትሏት እመርጣለሁ፦ «አባባ ሩቅ አገር ነው ያልንሽ ልክ አልነበረም። አባባ ሞቷል። የሞተ ሰው ሰውነቱ ይቆማል፤ አይበላም፣ አይተነፍስም፣ አይበርደውም፣ አያመውም። አይመለስም፤ መደወልም አይችልም። አንቺን በጣም ይወድሽ ነበር። እኛም ስለናፈቀን ነው የምናለቅሰው።» ሃይማኖት ያለው ቤት ከሆነ የምታምኑትን ንገሯት፤ ግን ከዚህ በኋላ እንጂ በዚህ ፋንታ አይሁን። «ተኝቷል» አትበሏት፤ ማታ መተኛት ልትፈራ ትችላለች። «እግዚአብሔር ስለወደደው ወሰደው» የሚለውም ለትልቅ ሰው መጽናኛ ነው፤ ልጅ ግን «እኔንስ ከወደደኝ?» ብላ ልትደነግጥ ትችላለች። በማግስቱ ምንም እንዳልነገራችኋት ሆና «አባባ ለእኔ ልደት ይመጣል?» ልትል ትችላለች። ሳትቆጡ ያንኑ ድገሙላት፤ ነገሩን የምትይዘው በመደጋገም ነው።

ወደ እናትዎ ልምጣ። አብረው የኖሩትን ባል ቀብረው፣ ሐዘኑ ሳይወጣላቸው፣ የልጃቸው ልጅ የሞታቸውን ቀን ስትጠይቃቸው የገዛ ልጃቸው ሳቀ። ያንን ሳቅ ዘመድ አዝማድ አየው። ልጅቷን ስድ ይበሏት እንጂ ያቆሰላቸው የእርስዎ ነገር ይመስለኛል፤ በእርስዎ ማዘን ስለከበዳቸው ሕፃኗ ላይ ወድቋል። ስለዚህ ይቅርታውን የሚጠይቁት እርስዎ ነዎት። ልጅቷን «ሂጂ አያትሽን ይቅርታ በያት» ብለው አይላኳት፤ ያላጠፋችውን ጥፋት ተሸክማ ታድጋለች። ብቻዎን ይግቡ፤ በአገራችን ወግ ጉልበታቸውን ስመው ይቅርታ ይጠይቁ። ቪዲዮውን ቀድመው ያጥፉት፤ መጥፋቱንም ይንገሯቸው። ከዚያ ስለ ልጅቷ ያስረዷቸው፤ «ፈርታ ነው እኮ እማዬ፣ አንቺም ትሄጂብኛለሽ ብላ ነው» ቢሏቸው ብዙ ነገር የሚለወጥ ይመስለኛል። ተረት ለጠቀሰ ሰው ተረት መመለስ ነውር አይደለምና «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» የሚለውንም ማንሳት ይችላሉ። እናትዎ የጠቀሱት እውነት ቢሆንም ይህኛው ለልጅዎ የበለጠ ይስማማታል።

እናትዎ ሲረጋጉ ጥያቄውን ራሳቸው ቢመልሱላት ከማናችንም መልስ ይበልጣል። ረጅም መሆን የለበትም። «መቼ እንደሆነ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው፤ እኔ ግን ዛሬ አለሁልሽ፤ ነገ ጸጉርሽን እሠራሻለሁ» ቢሏት ይበቃል። ልጅ ስለ ሞት ስትጠይቅ በአብዛኛው ማወቅ የምትፈልገው ነገ ማን እንደሚያለብሳት፣ ማን ከትምህርት ቤት እንደሚያመጣት ነው። «በፍጹም አልሞትም» ብለው ግን ቃል አይግቡላት።

ስለ ጨረቃዋና ስለ መብራቱ ደግሞ ጥቂት ልበል፤ ይህ እኔንም የሚያስደስተኝ ነገር ነው። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1920 አካባቢ ፓሪስ ውስጥ በልጆች የማሰብ ችሎታ መፈተኛ ጥያቄዎች ላይ ይሠራ ነበር። እሱን የሳቡት የልጆቹ ትክክለኛ መልሶች ሳይሆኑ ስህተቶቹ ነበሩ፤ በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች የሚሳሳቱት አንድ ዓይነት ስህተት ነበር። ከስህተቱ ጀርባ ሐሳብ እንዳለ ገባውና ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃ፣ ስለ ሕልም ልጆችን ይጠይቅ ጀመር፤ ጨረቃ ትከተለናለች የሚል መልስ ከብዙዎቹ አገኘ። የእርስዎም ልጅ በታክሲው መስኮት ያየችው ያንኑ ነው። ቤቱና ዛፉ ወደ ኋላ ሲሸሽ ጨረቃዋ አልሸሸችም፤ ስለዚህ እየተከተለችን ነው። ካየችው ነገር ተነሥታችሁ ስታስቡት ትክክለኛ ድምዳሜ ነው። ከዚህ ትንሽ ባነሰች ጊዜ «እማዬ ነይ» በማለት ፈንታ «እማዬ ምጪ» ብላ ከሆነም፣ ከትልልቆቹ ሰምታ ሳይሆን የቋንቋውን ሕግ ራሷ አውጥታ ነው።

አባቶች እዚህ ላይ አንድ ነገር ላይ ሲወድቁ አያለሁ። ልጃቸው የተናገረውን ሁሉ ጥበብ አድርገው ይይዙታል፤ ፈላስፋ ወለድን ይላሉ። አያቶች ደግሞ ያንኑ ንግግር ብልግና ያደርጉታል። ሁለቱም ልጁን አላናገሩትም። «ጨረቃዋ እየተከተለችን ነው» ስትል የሚሻለው መልስ «እንዴት አወቅሽ?» ነው። ከዚያ «ጎረቤታችን በሌላ መንገድ ቢሄድስ፣ እሱንም ትከተለዋለች?» ይበሏት። ምን እንደምትመልስ አላውቅም፤ ግን ያንን መልስ ለማግኘት ስትል ስታስብ ማየት ከማንኛውም ቪዲዮ ይበልጣል። እንቆቅልሽ «ምን አውቅልሽ» እያልን ያደግነው እኮ ልጅ እንዲያስብ ጊዜ እየሰጠን ነው።

የእንግዶቹ ጉዳይ ቀላል ነው። ልጆች ከአራት ዓመት ገደማ ጀምሮ ሌላው ሰው እነሱ የሚያውቁትን ላያውቅ እንደሚችል ይረዳሉ፤ የሚያውቁትን ሁሉ አለመናገርን፣ ይሉኝታን መማር ግን ዓመታት ይፈጃል። እንግዳ ፊት አትቆጧት፤ ሲሄዱ «ቤት ውስጥ የምንለው ሁሉ ለእንግዳ አይነገርም፤ ሰው ያዝናል» በሏት። ስለ አክብሮት እናትዎ ትክክል ናቸው፤ ልጅ ሰው ፊት እንዴት እንደሚነገር መማር አለባት፣ ያም የወላጅ ሥራ ነው። በዚህ ከባለቤትዎ ጋር ልጅቷ በሌለችበት ተስማሙ። ባለቤትዎም በእውነት ደክሟት ነበር፤ ልጅቷ ያየችውን ነው ያወራችው። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ውስጥ ከእርሷ ጋር ማን እንዳለም አብራችሁ እዩት።

ካሜራውን ግን ያቁሙ። ይህን የምለው ቪዲዮ ሁሉ ክፉ ነው ብዬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለ መዋዕለ ሕፃናት ቀድሞውኑ ሥዕል መሣል የሚወዱ ልጆችን መርጠው ነበር። ለአንዳንዶቹ «ከሣላችሁ ሽልማት አለ» አሏቸው፤ ሰጧቸውም። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነፃ ጊዜ ሲሰጣቸው፣ ሽልማት ተነግሯቸው የነበሩት በሥዕል ያሳለፉት ጊዜ ከሌሎቹ በግማሽ ገደማ ያነሰ ነበር። የወደዱት ነገር የሽልማት ሥራ ሆነባቸው። ልጅዎም ድሮ የምትናገረው ስለገረማት ነበር፤ አሁን ሳቅ ለማግኘት ትናገራለች፤ ለዚህ ነው አሮጌውን የምትደግመው፣ ሳቅ ሲቀርም የምታለቅሰው። አይቆጧት። ስትጀምር ስልኩን ያስቀምጡና «ይህን ሰምቼዋለሁ፤ ዛሬ ምን አየሽ?» ብለው አጠገቧ ይቀመጡ። መጀመሪያ ላይ ታለቅስ ይሆናል፤ ይታገሱ። የተለቀቁትንም ቪዲዮዎች ያንሱ። በቅርቡ አንደኛ ክፍል ትገባለች፤ እናቷን ያሳፈረችበትን ቀን የክፍል ጓደኞቿ በስልክ እንዲያዩት ፈቃዷን የጠየቃት የለም። ዘመዶቻችሁ ከናፈቁ ይደውሉና ያናግሯት።

ደብተሩን ግን አይተዉት፤ መልካም ሥራ ነው። ከእንግዲህ ከእርሷ ንግግር ሥር የእርስዎንም መልስ ይጻፉበት።

ልጅቷ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣች፣ ትታው የነበረውን አልጋ ማርጠብ እንደገና ከጀመረች፣ ከእናንተ አንዳችሁ ስትወጡ አልለቅም ካለች ወይም ምግብና ጨዋታ ካስጠላት ከሕፃናት ጋር የሚሠራ ባለሙያ ጋ ይዛችኋት ሂዱ። እስካሁን የጻፉልኝ ግን ጤነኛ ልጅ ነው የሚያሳየኝ።

መንፈቁን በተመለከተ፣ እውነቱን ከነገራችኋት በኋላ መሄድ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቋት። ከፈለገች ትሂድ። ምን እንደምታይ ቀድማችሁ ንገሯት፤ ቄሶች እንደሚጸልዩ፣ እማማ እንደምታለቅስ፣ የአባባ ሰውነት ከድንጋዩ ሥር እንዳለና ምንም እንደማይሰማው። ብዙ ያላዘነ አንድ ዘመድ እርሷን ብቻ እንዲይዛት አድርጉ፤ እንሂድ ስትል ይዟት ይውጣ። አልፈልግም ካለች ደግሞ ከምታውቀው ሰው ጋር ቤት ትቆይ፤ ስትመለሱ የሆነውን ንገሯት።