ጠርዝ፣ ዳር ወይስ ወሰን?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ ከአየር ላይ ከተነሱ ፎቶዎች የእርሻ ማሳዎችን ቅርጽ ማውጣት ነው። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ የሚፈልገውን ነገር፣ በእንግሊዝኛ «ኤጅ» (edge) የሚባለውን፣ እኔ «ጠርዝ» አልኩት። አማካሪዬ «ወሰን» በለው አሉኝ። ጓደኛዬ «ዳር» ይላል። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ «ጠርዝ» ይበሉ። አማካሪዎ ዘንድ ሲገቡ ግን ምክንያቱን ይዘው ይግቡ።

ባለ ጥለት ነጭ ነጠላ ዘርግተው ፎቶ አነሱት እንበል። ለኮምፒውተሩ ፎቶው የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። ድፍን ጥቁር 0፣ ድፍን ነጭ 255። ከነጩ ወደ ጥለቱ በአንድ ረድፍ ሲሄድ 240፣ 241፣ 239 እያለ ቆይቶ ድንገት 70 ላይ ዱብ ይላል። ጠርዝ ማለት ያ ዱብ ያለበት ቦታ ነው። ጥለቱ ራሱ ጠርዝ አይደለም።

አሁን ወደ ማሳው። ሁለት ጎረቤታሞች ጎን ለጎን ጤፍ ዘርተዋል። መሃላቸው ወሰን አለ፤ ያውም ፍርድ ቤት የሚያካስስ። ከላይ ሲታይ ግን ጤፉ ያው ጤፍ ነው፤ ኮምፒውተሩ ምንም ላያገኝ ይችላል። በተቃራኒው አንድ ግራር ማሳው ላይ ጥላውን ቢጥል ጠርዝ ይወጣል፣ ወሰን ግን የለም። ወሰን ሰው የተስማማበት ነው፣ ጠርዝ ብርሃኑ የተለወጠበት። የጎጃም ገበሬ «ወሰኔን ገፋብኝ» ይላል እንጂ «ጠርዜን» ሲል ሰምቼ አላውቅም።

«ዳር» ስፋት አለው። ጣና ዳር ቡና ጠጣን ስንል ውሃና መሬት የሚገናኙበት መስመር ላይ ተቀመጥን ማለታችን አይደለም። የከተማዎን ስም ራሱን ይዩት። «ጫፍ» ደግሞ የጦርና የጣት ነው፣ ይተዉት።

ሳይጠይቁኝ አንድ ልጨምር። ጠርዝ ተቆራርጦ ነው የሚወጣው። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው ጆን ካኒ በ1986 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጠርዝ የመለያ ዘዴ ደካማውን ጠርዝ፣ ማለትም የብርሃን ለውጡ አነስ ያለውን፣ ሳይጥል የሚያቆየው ከጠንካራው ጋር ከተያያዘ ብቻ ነው፤ ያም ሆኖ ክፍተት አይጠፋም። ተገጣጥሞ ማሳውን ሲዞር «የዙሪያ መስመር» ይበሉት። እንደ እንግሊዝኛው «ኮንቱር» ካሉ ጂኦግራፊ የተማረ አንባቢ የጮቄ ተራራን የከፍታ መስመሮች ነው የሚያስበው።

ለሥራው ስም «ጠርዝ መለየት» ይበቃል። የአማካሪዎንም ቃል አይጣሉት። የዙሪያ መስመሮቹን ይዘው ወርደው ከባለማሳዎቹ ጋር ያመሳከሩ ዕለት፣ ያን ጊዜ «ወሰን» ብለው ይጻፉ።