የጋንግ ታሪክ በሁለት ደቂቃ፦ የተማሪ ፊልም መክፈቻ ላይ ጥያቄና መልስ

ኑሮዬ ለንደን ነው፤ ሥራዬ ፊልም ኤዲት ማድረግ። አልፎ አልፎ ሚዲያ የሚማሩ የኤ ሌቭል (የእንግሊዝ የመሰናዶ ደረጃ) ልጆችን አግዛለሁ። ሰሞኑን አንድ የእኛው ልጅ የትምህርት ቤት ሥራውን ልኮ «ገምግምልኝ» አለኝ። የታዘዘው ሙሉ ፊልም እንዲሠራ አይደለም። የአንድ ልብወለድ ፊልም የመጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ከነስም ዝርዝሩ ይሠራል፣ ከዚያ የራሱን ሥራ ገምግሞ ይጽፋል። እሱ የመረጠው የደቡብ ለንደን የወጣት ጋንጎችን ነው። ወሬው ሲሰማ ሌሎችም ጥያቄ ይዘው መጡ፤ በሉ እንግዲህ ሁሉንም እዚሁ እንጨርሰው።

ላላያችሁት፣ መክፈቻው እንዲህ ነው። ጥቁር ስክሪን፣ የፖሊስ ሳይረን። ረጅም የመኖሪያ ፎቅ ከታች ወደ ላይ ይታያል። አምስት ልጆች ሁዲ ለብሰው በስሎው ሞሽን ወደ ካሜራው ይመጣሉ። ደረጃ ላይ ቆመው ያወራሉ። አንዱ ከወገቡ ቢላ ብቅ ያደርጋል። ሩጫ፣ ጠባብ መተላለፊያ፣ ጩኸት፣ አንድ ልጅ ይወድቃል። የፊልሙ ስም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሳትሸፋፍን ንገረኝ። እንዴት ነው? (የፊልሙ ባለቤት)

ካሜራህ ጥሩ ነው። የመተላለፊያው ሩጫ በተለይ አሪፍ ነው፤ ማን ማንን እንደሚያባርር አንዴም አልጠፋኝም፣ ይሄ ቀላል እንዳይመስልህ። ሳይረኑ ግን ቀሽም ነው። ስሎው ሞሽኑም እንደዚያው። ሁለቱንም ሺህ ጊዜ አይተናቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። 0:48 ላይ አራት ሴኮንድ የምትሆን ሾት አለች። ደረጃው ላይ አንዱ ልጅ ስልኩ ይጠራል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ስልኩን በመዳፉ ሸፈነና ዝቅ ባለ ድምፅ በአማርኛ «እመጣለሁ እማ፣ ላይብረሪ ነኝ» አለ። ከዚያ ዞሮ ለጀለሶቹ በለንደን አፍ ሳቀላቸው። ወንድሜ፣ ፊልምህ እኮ እሷ ናት! አንተ ግን የሙዚቃውን ቢት ከላይ ጭነህባት ድምፁ በግድ ነው የሚሰማው። ሁዲ የለበሰ ልጅ ሁሉም አይቷል። እናቱን በአማርኛ እየዋሸ ጓደኞቹ ፊት ሌላ ሰው የሚሆን ልጅ ግን እኔ ስክሪን ላይ አይቼ አላውቅም። በእሷ ጀምር። ሙዚቃውን አጥፋ። ሳይረኑን ጣለው።

ጥያቄ፦ መክፈቻና ትሬለር ልዩነታቸው ምንድን ነው? አስተማሪዬ «ትሬለር ሠርተሻል» ብላ መለሰችልኝ።

ትሬለር የፊልም ማስታወቂያ ነው፤ ምርጥ ምርጡን ለቅሞ ይሸጣል። መክፈቻ ግን አይቸኩልም፤ ቦታውን ያሳያል፣ አንድ ሰው ያስተዋውቃል፣ አንድ ጥያቄ ያስቀምጣል። በሚዲያ ክፍል የፈረንሳዊውን ሃያሲ የሮላን ባርትን «የእንቆቅልሽ ኮድ» ተምራችሁ የለ? እሱ ነው። ተመልካቹ «ቀጥሎ ምን ሊሆን ነው?» ብሎ ወንበሩ ላይ መቅረት አለበት።

ብዙ ተማሪ ደግሞ በሁለት ደቂቃ አጭር ፊልም ይሠራና ታሪኩን ይጨርሰዋል። ከላይ ያለው ልጅም 1:40 ላይ ሰው ገደለ። ከዚያ በኋላ ማንን ልከተል? ቢላው እንኳን ሳይወጣ ቢያልቅ ይሻላል። ያ የስልኩ ልጅ «መጣሁ» ብሎ እናቱን ዋሽቶ፣ ሌሎቹ ሲወርዱ እሱ ደረጃው ላይ አንድ እግሩን አንስቶ ቢቆምና የፊልሙ ስም ቢመጣ በቂ ነው። ይወርዳል ወይስ አይወርድም?

ይህ ጥያቄ እንግሊዝ ውስጥ ትልቅ ክብደት አለው። ቢላውን ያልያዘው፣ አብሮ የነበረው ልጅም በግድያ ሊከሰስ ይችላል። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ጆጊ በተባለ ሰው መዝገብ ላይ ነገሩን ጠበብ አድርጎታል፤ ጓደኛው ሊወጋ እንደሚችል መገመቱ ብቻ አይበቃም፣ ሆን ብሎ ማገዙ ወይም ማበረታታቱ መረጋገጥ አለበት። ቢሆንም አብሮ መውረድ ዋጋ ያስከፍላል። እንዲህ ያለ ነገር ከጀርባ ካለ ደረጃ ላይ የቆመ እግር ብቻውን ያስጨንቃል፣ ደም አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ግን እኮ ሁዲ፣ ቢላና ፎቅ የጋንግ ፊልም ደንብ ናቸው። ግምገማው ላይ «የዘውጉን ደንብ እንዴት ተጠቀምክ?» ይላል። እነሱን ካወጣኋቸው ምን እጽፋለሁ?

ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አንብበው። ተጠቀምክ ብቻ አይልም፤ ደንቡን ተጠቀምክ፣ አሳደግክ ወይስ ተገዳደርክ ነው የሚለው። ሁዲውን አታውልቀው፣ ግን ለምን እንደለበሰ እወቅ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ ማኅበራዊ ቡድኖችን እንዴት አሳየሃቸው የሚል ነው፤ ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።

ትንሽ ታሪክ ብታስገባ ጽሑፍህ ይጠነክራል። ግንቦት 2005 ላይ ከለንደን ወጣ ብሎ ያለው ብሉዋተር የገበያ ማዕከል ሁዲ የለበሱ እንዳይገቡ ከለከለ፤ አገር ምድሩ ስለ አንድ ሹራብ ሲጨቃጨቅ ሰነበተ። ከዚያ በፊትም ነበር። በ1964 የፋሲካ ሰሞን ክላክተን በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ «ሞድስ» እና «ሮከርስ» የሚባሉ ወጣቶች ተጋጩ፤ ጋዜጦቹም ከሆነው በላይ አጋነኑት። የማኅበረሰብ ተመራማሪው ስታንሊ ኮኸን በ1972 «ሞራል ፓኒክ» (ኅብረተሰቡ ከልክ በላይ ሲደናገጥ) ብሎ የተነተነው ይህንኑ ነው። አንተ እንግዲህ ራስህን ጠይቅ፦ ፊልሜ ከጋዜጣው ጋር ነው የቆመው ወይስ ከልጁ ጋር? መልሱ በካሜራህ ይታወቃል። አምስቱንም ከታች ወደ ላይ፣ ፊታቸውን በጥላ ሸፍነህ ከቀረጽካቸው ከጋዜጣው ጋር ነህ፤ ምንም ብትጽፍ ገምጋሚው ያየዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ ለዚህ ሥራ ብሎ የወጥ ቤት ቢላ ይዞ መናፈሻ ሊሄድ ነው። ፊልም ነው ይለኛል። ልፍቀድለት? (እናት፣ ለንደን)

እትዬ፣ በፍጹም አይፍቀዱለት። እንግሊዝ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት ስለት ይዞ አደባባይ መገኘት ወንጀል ነው፤ እስከ 4 ዓመት ሊያሳስር ይችላል። ከዚህ ነፃ የሆነው ስለቱ ከ3 ኢንች የማይበልጥ ተራ ታጣፊ ሰንጢ ብቻ ነው። አስመሳይ ሽጉጥ ይዞ መውጣትማ የባሰ ነው፤ ሰው አይቶ ከደወለ የሚመጣው የታጠቀ ፖሊስ ነው፣ ፖሊሱ ደግሞ ከሩቅ ፕላስቲክ ይሁን ብረት አያውቅም።

የላስቲክ ቢላ ይጠቀም፣ እሱንም በቦርሳ ይዞት ይሂድ፣ ሲቀረጽ ብቻ ይውጣ። ትምህርት ቤቱ፣ የአካባቢው ካውንስልና ፖሊስ አስቀድመው ይወቁ። አንድ ትልቅ ሰው አብሯቸው ይቁም። እርስዎ ቢሆኑማ ጥሩ ነበር። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቢላውን ጭራሽ አለማሳየት ነው፤ ኪሱ ውስጥ የገባች እጅ ከቢላ ትበልጣለች።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ኢንተርናሽናል ስኩል ነው የምማረው፤ በካምብሪጅ ፈተናም ይኸው የሁለት ደቂቃ መክፈቻ አለ። ስለ እኛ ሰፈር ዱርዬ ብሠራ ይቀበሉኛል?

ለምን አይቀበሉሽም? ብቻ የአዲስ አበባን ልጆች የለንደን ልብስ አልብሰሽ የለንደን ፊልም እንዳትሠሪ። ይሄን ስህተት ደጋግሜ አያለሁ፤ ጀሞ ቆመው በአሜሪካ አነጋገር የሚሰዳደቡ ልጆች። ሙዱ አይመጣም።

የራስሽን ተመልከቺ። ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ አብሮ አደግ ልጆች ተበታተኑ። አዲስ ኮንዶሚኒየም የገባ ልጅ ማንንም አያውቅም፤ ብሎኩ ሥር የሚቀመጡት ልጆች ደግሞ ሲገባ ሲወጣ ያዩታል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ምን ይሉታል? ማን ነው ሰላም የሚለው? ጀማው ውስጥ ለመግባት ምን ይጠየቃል? ይኸው ታሪክ። ደረጃው፣ የውኃ ጀሪካኑ፣ ልብስ የተሰጣበት በረንዳ፣ ሁሉም በነፃ የተዘጋጀልሽ ናቸው። ለወረዳውና ለአካባቢው ፖሊስ ቀድመሽ አሳውቂ፣ የሰፈሩን ሽማግሌም ሰላም በዪ።

ጥያቄ፦ ማታ በስልክ ስቀርጽ መብራቱ ይርገበገባል። ስልኬ ተበላሽቶ ነው?

ስልክህ ጤነኛ ነው። እንግሊዝም ኢትዮጵያም የመብራት ኃይሉ 50 ኸርዝ ነው፣ ማለትም በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ብዙ ስልክ ደግሞ ተገዝቶ ሲመጣ በሴኮንድ 30 ፍሬም (ምስል) ላይ ነው። ሁለቱ አይገጥሙም፣ አምፖሉ ይርገበገባል። 25 ፍሬም አድርገው፣ ሸተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያገኝበትን ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ ላይ ቆልፈው። ስልኩ ራሱ ካልፈቀደ የሚያስቆልፍ የካሜራ አፕ ጫን። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ግን አንዳንዱ ምንም ብታደርግ እምቢ ይላል፤ አምፖሉን ቀይር።

ጥያቄ፦ ታዋቂ የድሪል (የለንደን ወጣቶች ራፕ) ዘፈን ብጨምርበትስ?

አይሆንም። ሙዚቃው የራስህ ወይም ነፃ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። ክፍልህ ውስጥ ቢት የሚሠራ አንድ ልጅ አይጠፋም፤ ስሙንም መጀመሪያው ላይ ጻፍለት፣ ደስ ይለዋል።

ጥያቄ፦ መክፈቻው ላይ የሚጻፉት ስሞች ቅደም ተከተልስ?

አከፋፋይ፣ ፕሮዳክሽን ካምፓኒ፣ ዋና ተዋንያን፣ የፊልሙ ስም፣ ሌሎች ተዋንያን፣ ከዚያ ሙዚቃ፣ ኤዲተር፣ ካሜራ፣ ፕሮዲዩሰር፣ ጸሐፊ። ዳይሬክተር መጨረሻ። ትንሽ ቢለያይ የሚቆጣህ የለም። አንተው ሁሉንም ሠርተህ ስምህን አሥር ቦታ ከጻፍክ ግን ያስቃል።

ጥያቄ፦ «ተመልካቼ ሁሉም ሰው ነው፣ አከፋፋዬ የሆሊዉድ ስቱዲዮ» ብዬ ጻፍኩ። ተቀነሰብኝ።

ሲያንስህ ነው! ለሁሉም ሰው የተሠራ የጋንግ ፊልም የለም። እንግሊዝ ውስጥ ለፊልም የዕድሜ ገደብ የሚያወጣው ቢቢኤፍሲ ለዚህ ዓይነቱ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ 15 ወይም 18 ነው የሚሰጠው። 15 ላይ ጠንካራ ስድብና ድብድብ ይፈቀዳል፤ ሥቃዩ ላይ ግን ካሜራው መንቀራፈፍ የለበትም። ስለዚህ የቁስሉን ክሎዝ አፕ (የቅርብ ምስል) ስታስረዝም ዋናዎቹን ተመልካቾችህን፣ የ15 እና የ16 ዓመት ልጆችን፣ ከሲኒማ እያስወጣሃቸው ነው። ይህንን ራሱን ጻፈው፤ ነጥብ ነው።

ወደ አከፋፋዩ ስንመጣ፣ የሆሊዉድ ስቱዲዮ ማለትህ ብቻውን ስህተት አይደለም፣ የጎደለው ለምን የሚለው ነው፤ አንድ እውነተኛ ምሳሌ ልስጥህ። «ብሉ ስቶሪ» በ2019 የወጣ፣ በሁለት የለንደን ሰፈሮች መካከል የተጣሉ ጓደኛሞችን የሚያሳይ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ራፕማን በዩቲዩብ ነው ስሙን የተከለው፤ ፊልሙን ደግሞ ቢቢሲ ፊልምስ ደገፈው፣ ፓራማውንት አከፋፈለው። በወጣ ሰሞን በርሚንግሃም አንድ ሲኒማ ውስጥ ጠብ ተነሳና ቩ የተባለው የሲኒማ ድርጅት ፊልሙን ከቤቶቹ ሁሉ አወረደው። ብዙ ሰው ተቆጣ። ከቀናት በኋላ መለሰው። አየህ፣ ስርጭት ማለት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ማን ማንን እንደሚፈራም ነው።

ጥያቄ፦ ግምገማውን ስጽፍ ሁልጊዜ «ማብራሪያ ይጎድለዋል» እባላለሁ። ምን ማለት ነው?

ምን እንዳደረግክ ትናገራለህ፣ ለምን እንደሆነ አትናገርም ማለት ነው። ላሳይህ። አብዛኛው ተማሪ እንዲህ ይጽፋል፦ «ክሎዝ አፕ ተጠቅሜያለሁ፤ ምክንያቱም ስሜትን ያሳያል።» ይህ ለየትኛውም ፊልም ይሆናል።

እንዲህ ቢልስ? «0:48 ላይ ካሜራው ስልኩን በሸፈነው መዳፍ ላይ ይቆያል። ፊቱን ያላሳየሁት ከጓደኞቹ የሚደብቀውን ነገር ተመልካቹ በጆሮው እንዲያገኘው ነው። ለክፍል ጓደኞቼ ሳሳያቸው አማርኛው ስላልገባቸው ፍቅረኛው መሰለቻቸው። ስለዚህ የእናቱን ፎቶ ስልኩ ላይ ጨመርኩ፤ ያኔ ገባቸው።»

ልዩነቱ ይታይሃል? ሰዓቱ አለ፣ ምክንያቱ አለ፣ ለሰው ታይቷል፣ ተስተካክሏል። የቴዎሪ ስም መደርደር ይህን አይተካም። የትረካ ቴዎሪ ሰው የሆነውን ቶዶሮቭን ጠቅሰህ የራስህን ሾት ካልጠቀስክ ገምጋሚው ስለ ቶዶሮቭ እንጂ ስለ አንተ ምንም አላወቀም። ያልተሳካልህንም ጻፍ፤ «ድምፁ አልተሰማም፣ ማይኩ ሩቅ ነበር፣ በድጋሚ ቤት ውስጥ ቀዳሁት» የሚል ተማሪ እንደሠራ ያስታውቃል።

ጥያቄ፦ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ልጆቻችን ስለ ዶክተርና ኢንጂነር አይሠሩም? ይሄ ሐበሻን ማሰደብ ነው። (አባት)

ጋሼ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ግን ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የሚያዩት ይህንን ነው፤ በየት ፖስት ኮድ (የጋንግ ክልል ሆኖ በተከፈለ ሰፈር) ማለፍ እንደሌለባቸው ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። ዝም ቢሉ ስድቡ አይቀርም፣ ሌላ ሰው ይሠራላቸዋል። ያ የስልኩ ልጅ እናቱን የሚዋሸው ስለሚያፍራት አይደለም፤ ስለሚፈራላት ነው። ይህንን ከሐበሻ ልጅ በቀር ማን ያሳየዋል? እስቲ ከልጅዎ ጋር ቁጭ ብለው ይዩት፣ ከዚያ ብንከራከር ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ነገ ነው የምንቀርጸው። አንድ ነገር ብቻ ንገረን።

ሁለት ልንገራችሁ። ደረጃው ላይ ሁለቱ ሲነጋገሩ ካሜራው ከሁለቱ በአንድ ወገን ብቻ ይቁም፣ ወደ ሌላው ወገን አታሻግሩት፤ ከተሻገረ ኤዲት ላይ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት ሁሉም ዝም ብሎ የቦታውን ባዶ ድምፅ ሠላሳ ሴኮንድ ያህል ቅዱ። ንግግሩን ስትቆራርጡ በመሃል ያለውን ክፍተት የምትሞሉት በእሱ ነው። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ፣ ካርዱንም ባዶ አድርጉት።