ቼክሜት ማለት «ንጉሡ ሞተ» ነው ወይ?

ሰላም! በቼዝ ንጉሡ ተጠቅቶ ማምለጫ ሲያጣ የሚባለው ቼክሜት ትርጉሙ «ንጉሡ ሞተ» ነው ሲባል ሰምተህ እውነት ነው ወይ ብለሃል። አባባሉ በጣም የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልቀበለውም።

ቃሉ የመጣው ከፋርስኛው «ሻህ ማት» ነው። «ሻህ» ንጉሥ ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ጣጣው «ማት» ላይ ነው። በዓረብኛ «ማተ» ሞተ ማለት ስለሆነ ብዙ ሰው ከዚያ ጋር ያያይዘዋል። በፋርስኛ ግን «ማት» ግራ የገባው፣ መላ ያጣ ማለት ነው። የቋንቋ አጥኚዎች በብዛት የሚያዘነብሉት ወደዚህኛው ነው።

እኔን የሚያሳምነኝ ራሱ ጨዋታው ነው። በቼዝ ንጉሥ አይበላም። ለምሳሌ ጥቁሩ ንጉሥ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ቆሟል እንበል። ከፊቱ ያሉት ሦስት ወታደሮቹ ገና አልተነቃነቁም። የነጭ ሩክ (ወደፊት፣ ወደኋላና ወደ ጎን ቀጥ ብሎ የሚሄደው ጠጠር) እዚያው ረድፍ ላይ ዘው ብሎ ቼክ ይለዋል፤ ማለትም ንጉሡን ያጠቃዋል። ወደፊት እንዳይሄድ የገዛ ወታደሮቹ ዘግተውታል፤ ወደ ጎን እንዳይል ረድፉን ሩኩ ይዞታል። ሩኩን የሚበላ ወይም መሀል ገብቶ የሚከልል ከሌለ በቃ፣ አለቀ። ንጉሡ ግን አሁንም ቦርዱ ላይ ነው።

ልብ በል፣ ቼክ ሳይባል መሄጃ ካጣና ሌላ የሚንቀሳቀስ ጠጠር ከሌለው ሽንፈት ሳይሆን አቻ ነው። ጀማሪዎች ይህን በጣም ያምታቱታል።

ጨዋታው ከህንድ ወደ ፋርስ፣ ከዚያ በዓረቦች በኩል ወደ አውሮፓ ሲሄድ ቃሉም አብሮ ተጓዘ። ሩሲያውያን «ሻኽ ኢ ማት»፣ ጀርመኖች «ሻኽማት» ይላሉ። እንግሊዝኛው በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል ነው ያገኘው፤ «ቼክ» የሚለውም ያው «ሻህ» ነው።