የአያቴ ቤት ሳይፈርስ እንዴት ፎቶ ላንሳው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አያቴ የሚኖሩበት የአራዳ ቤት ሊፈርስ ነው የሚል ወሬ ሰፈሩን አዳርሶታል። ፎቅ ነው፣ የእንጨት በረንዳ አለው። በስልኬ ብዙ አነሳሁት፣ ግን ቤቱ ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል፣ በረንዳው ደግሞ ጠቁሮ ይወጣል። ለባለሙያ የምከፍለው የለኝም። የእኔ ፎቶ ለቅርስ ጥበቃ ይጠቅማል? ሰ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ በጣም ይጠቅማል። ነገ ጠዋት ጀምሪ፤ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. እንዴት ፈጥኖ እንደፈረሰ አይተሻል።

ቤቱ የሚወድቀው ስልክሽን ወደ ላይ ስለምታዘነብዪው ነው። ከመንገዱ ማዶ ተሻገሪና ራቅ ብለሽ ስልኩን ቀጥ አድርገሽ ያዢ። ፊት ለፊት ፎቅ ካለ ደግሞ ባለቤቱን አስፈቅደሽ ከመስኮቱ አንሺ፣ ያኔ ቤቱ ቀጥ ብሎ ይቆምልሻል። 0.5 የሚለውን ሌንስ አትንኪው፣ ዳር ዳሩን ይለጥጠዋል። በረንዳው የሚጠቁረው ካሜራው ለሰማዩ ስለሚያደላ ነው፤ ስክሪኑ ላይ በረንዳውን ንኪው፣ ይፈካል። ደመና ያለበት ቀን ከሆነ ደግሞ ጥላው አያስቸግርሽም። የእንጨቱን ቅርጽ ለማውጣት ግን የጠዋት ወይም የአመሻሽ የጎን ፀሐይ ይሻላል።

ይኼ ቀላሉ ነው። ትልቁ ነገር ምን ታነሻለሽ የሚለው ነው።

ከዓመታት በፊት እዚያው ፒያሳ ደረጃው በውጭ በኩል የሆነ አንድ ቤት ደጋግሜ አንስቼ ነበር፣ አመሻሽ ላይ፣ ግድግዳው ብርሃን ሲጠጣ፣ እስካሁን የምወደው ፎቶ ነው። ቤቱ ፈረሰ። አንድ የአርክቴክቸር ተማሪ መጥቶ «ደረጃው ከበረንዳው ጋር በምን ነበር የተያያዘው? በምስማር ነው ወይስ እንጨቱ ተቦርቡሮ?» አለኝ። አርባ ፎቶ አገላበጥኩ። መጋጠሚያው የሚታይበት አንድም አልነበረም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ቤቱን አናጺ እንደሚያየው እዪው። አራቱንም ጎን፣ ጓሮውን ጭምር፣ ከዚያ አራቱን ማዕዘን። ቀጥሎ ጠጋ በዪ፦ የበረንዳው መከታ፣ ምሰሶው ወለሉን የሚነካበት ቦታ፣ የጣሪያው ጠርዝ ላይ ያለው የእንጨት ጥልፍ፣ የበሩ ማጠፊያ። ምርጊቱ የተላጠበት ቦታ ካለ እንዳታልፊው፤ ሰው ያስጠላል ብሎ የሚያልፈው ይኼንን ነው፣ ግን ድንጋዩና ጭቃው እንዴት እንደተደረደረ የሚታየው እዚያ ብቻ ነው። ጠጋ ብለሽ ስታነሺ የልብስ ሰፊ ሜትር አጠገቡ ዘርጊ። ያለሱ መጠኑን ማንም ሊያውቀው አይችልም።

ግድግዳውን ስታነሺ በጎን እየተራመድሽ ሂጂ፣ እያንዳንዱ ፎቶ የቀደመውን ከግማሽ በላይ ይድገም። ኮምፒውተር እነዚህን ገጣጥሞ ቤቱን ከሁሉም አቅጣጫ የሚታይ ሞዴል ያደርገዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1858 አልብሬሽት ማይደንባወር የሚባል ጀርመናዊ የቬትስላርን ካቴድራል ሲለካ ከላይ ከመውደቅ ለጥቂት ተረፈ። ሰው ለምን ይወጣል፣ ከፎቶ ላይ አይለካም ወይ ብሎ ዕድሜውን ሰጠበት፤ በ1885 የፕሩሺያ መንግሥት በርሊን ላይ ለዚሁ ሥራ ተቋም ከፈተ።

እኛም ጋ በጥር 2007 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሆቴሉ ተጠግኖ ዛሬም አለ፣ ግን እንዲህ ያለ ጥገና የሚሠራ ሰው ከእሳቱ በፊት ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳየው ነገር ያስፈልገዋል።

ፎቶዎቹን በቴሌግራም ከላክሽ «ፋይል» አድርገሽ ላኪ፣ አለዚያ ይጨመቁና ዝርዝሩ ይጠፋል። ሁለት ቦታ አስቀምጪ። ቀኑንና ያነሳሽበትን ጎን ጻፊ። ከጎረቤት ግቢ ስትገቢ አስፈቅጂ፣ ቤተ መንግሥትና ወታደራዊ ቦታ አጠገብ ያለ ፈቃድ ካሜራ አታንሺ።

ደግሞ ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ የከተማውን የባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ጠይቂ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ለመጠገን እንኳ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ እና ከተመዘገበ የምትከራከሪበት ነገር አለሽ።

አንድ ነገር ቀረኝ። አያትሽን በረንዳው ላይ አስቀምጫቸውና የስልክሽን ድምፅ መቅጃ ክፈቺ። የትኛው በር ኋላ እንደተከፈተ፣ ማድ ቤቱ በፊት የት እንደነበር፣ ቆርቆሮው መቼ እንደተቀየረ ጠይቂያቸው። ይኼንን ከፎቶው ላይ ማንም አያነበውም።