ክረምት ሳይገባ ስለ ጭቃ ሞተር ፍሬን ጠይቁኝ

እንደምን አመሻችሁ። ባለፈው እሑድ ከቤዛዊት ኮረብታ ስንወርድ የአንዱ ልጅ የኋላ ፍሬን ከዳውና ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ልጁ ደህና ነው፤ ሱሪው አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ስልኬ ፋታ አጥቷል። ስለዚህ ዛሬ ማታ እስከ 4 ሰዓት እዚሁ ጠይቁኝ። አደራ፣ የሞተራችሁን ዓይነት ጻፉ። «ሞተሬ» ብቻ ካላችሁኝ እኔ ጠንቋይ አይደለሁም።

የቀበሌ 14 ልጅ፦ ጋሼ፣ ፍሬኔ አይዝም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የትኛው ሞተር? የፊቱ ነው የኋላው? ማንሻው ለስልሶ ይገባል ወይስ ደንድኖ እምቢ ይላል? ሦስቱን ይዘህ ተመለስ።

ባለ ሆንዳው፦ ጋሼ፣ ያገለገለ ኤክስአር 250 ገዝቻለሁ። የፊት ዲስኩን ስለካው 240 ሚሊ ሜትር ነው። የ270 ዲስክ ከአዲስ አበባ ሊያመጡልኝ ነው። ልዩነቱ ይታወቃል?

መልስ፦ ይታወቃል። ብሎን ስትፈታ እጀታው ረጅም የሆነ ቁልፍ እንደሚያቀልልህ ሁሉ፣ ዲስኩም በሰፋ ቁጥር ያው የጣትህ ኃይል የበለጠ ይሠራል። ከ240 ወደ 270 ስትሄድ ከ12 በመቶ በላይ ታተርፋለህ። ሙቀቱም ሰፊ ብረት ላይ ስለሚበተን ቶሎ አይግልም። ግን ካሊፐሩ፣ ማለት ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ከሁለት ጎን ጨብጦ የሚያቆመው ክፍል፣ 15 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ መሸሽ አለበት። ለዚያ የተሠራ ማያያዣ ብረት አለ፤ ከዲስኩ ጋር ካልመጣ አትግዛ። ሠፈር ውስጥ በብየዳ አሠራለሁ ካልከኝ እኔ ከፊትህ አልነዳም።

አሁን እኔ ልጠይቅህ። የፍሬን ዘይቱን መቼ ቀየርክ?

ባለ ሆንዳው፦ ከገዛሁት ስድስት ወር ነው። ከዚያ በፊት ያለውን አላውቅም።

መልስ፦ ይኸው! ዲስክ ታስመጣለህ፣ ዘይቱን አታውቀውም። ስሙኝ፣ ይቺን ዛሬ አሥር ጊዜ ሳልላት አልተኛም። የፍሬን ዘይት ውሃ ይጠጣል። ክዳኑ ቢዘጋም በጎማ ማሸጊያው፣ በጎሚኒውና በቱቦው በኩል ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። እኛ ደግሞ ሐይቅ ዳር ነው የምንኖር። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይችላል። ከመቶው 3.7 እጁ ውሃ ከሆነ ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ እግሩን ከኋላ ፍሬን የማያነሳ ሰው ይህን ሙቀት በቀላሉ ይደርስበታል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። ዘይት አይጨመቅም፤ እንፋሎት ግን እንደ ፊኛ ነው። ትረግጣለህ፣ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይወርዳል፣ ሞተሩ አይቆምም። የእሑዱ ልጅ የገጠመው ይኸው ነው። ሩብ ሰዓት ጠብቀን ስንረግጠው ፔዳሉ ምንም እንዳልሆነ ተመልሷል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው «ቅድም አልያዘም፣ አሁን ይዟል» ብሎ የሚተወው።

የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን መስኮት እዩት። አዲሱ ዘይት እንደ ብርዝ ንጹሕ ነው። ጠላ ከመሰለ አልቆለታል። በሁለት ዓመት አንዴ መቀየር የብዙዎቹ ደንብ ነው። ጭቃና ውሃ ውስጥ ለሚውል ሞተር እኔ በየዓመቱ፣ ሰኔ ሳይገባ እላለሁ።

አዲስ ገቢ፦ ዶት 5 ከ4 ይበልጣል አይደል? ልጨምርበት?

መልስ፦ አትጨምር! ዶት 5 ሲሊኮን ነው፤ ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። ዶት 5.1 ደግሞ ስሙ ቢመሳሰልም ሌላ ነው፤ የዶት 4 ወንድም ስለሆነ ይስማማል። ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተቀረጸውን አንብብ፣ እሱን ግዛ። ከተከፈተ ዓመት የሞላውን ጠርሙስ ከጓደኛ አትቀበል። እሱም ውሃ ጠጥቷል።

ባለ ባጃጅ፦ ጋሼ፣ የባጃጅ ፍሬንስ?

መልስ፦ ሌላ ቀን።

የጤና ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ እንደምን አመሹ። በያማሃ ኤክስቲዜድ 125 ወደ ገጠር ቀበሌዎች እመላለሳለሁ። የፊቱ የፍሬን ሸራ በክረምት ሁለት ወር አይቆይልኝም። የኋላውም ደክሟል። ምን ዓይነት ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲህ ነው ጥያቄ ማለት። ተማሩ!

ሁለት ዓይነት ሸራ አለ። አንዱ በሙጫ የተጋገረው፣ ኦርጋኒክ የሚሉት ነው። ለጣት ይለሰልሳል፣ ዲስክ አይጎዳም፣ አስፋልት ላይ ጥሩ ነው። ጭቃ ውስጥ ግን እንደ ጠመኔ ያልቃል። ሁለተኛው ከብረት ዱቄት በሙቀት የተጋገረው፣ ሲንተርድ የሚባለው ነው። ሲረጥብም ይይዛል፣ ጭቃም ይችላል፤ ዲስኩን ትንሽ ይበላል፣ ይጮኻልም። ለአንቺ ሁለተኛው ነው።

ከመግዛትሽ በፊት ግን ያሉትን ሁለት ሸራዎች አውጥተሽ ጎን ለጎን አድርጊያቸው። አንዱ ከሌላው በጣም ከሳሳ ጥፋቱ የሸራው አይደለም። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ዘንጎች ደርቀው ተጣብቀዋል ማለት ነው። ይታጠቡ፣ ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ቅባት ይቀቡ። ተራ ግራሶ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። ቤንዚንም ወደ ጎሚኒ አይቅረብ።

አዲሱ ከገባ በኋላ ጭር ባለ መንገድ ሃያ ሠላሳ ጊዜ በልኩ እየያዝሽ ፍጥነት ቀንሺ፣ ጎማው እንዳይቆለፍ። ሸራና ዲስክ የሚተዋወቁት እንደዚያ ነው።

የኋላሽ ዲስክ ሳይሆን ከበሮ ነው፤ ሸራው ጎማው መሃል ባለው ክብ ቤት ውስጥ ሆኖ ነው የሚይዝ። ፔዳሉን ሰው ይርገጥልሽና ከጎን እዪ። ከበሮው ላይ ያለው ክንድና የሚስበው ዘንግ የሚሠሩት ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ካለፈ ጉልበቱ ይባክናል፤ ብሎኑን ብታጠብቂው ለውጥ የለውም። ሸራው ይቀየር። ወንዝ ከተሻገርሽ በኋላ ደግሞ ጥቂት ሜትር ፔዳሉን ቀስ ብለሽ ነክተሽ ንጂ፣ ይደርቃል።

የፎገራው፦ ጋሼ፣ በጭቃ የፊት ፍሬን መያዝ ሞት ነው። እኔ የፊቱን ፈትቼ ጥዬዋለሁ፣ በኋላ ብቻ ነው የምነዳ።

የደንቢያው፦ የፎገራን ጭቃ ጭቃ ብለህ ነው? ሐምሌ ላይ ወደ ጎርጎራ ና፣ ጫማህን ጥለህ ትመለሳለህ።

የፎገራው፦ ርብ ሲሞላ አይተህ ታውቃለህ? እኛ ጋ ሞተር ሳይሆን ታንኳ ነው የሚያስፈልግ።

የደንቢያው፦ እኛ ጋ መገጭ አለ። ታንኳውም ዋልካ ውስጥ ይቀራል።

ባለ ባጃጅ፦ ሁለታችሁም የዘጌን መንገድ ስላላያችሁ ነው።

መልስ፦ ጭቃችሁን ለብቻችሁ ተካፈሉ። የፎገራው፣ አንተ ግን ዛሬውኑ መልሰህ ግጠም። ፍሬን ስትይዝ ክብደትህ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጎማ ይቀላል። ደረቅ መሬት ላይ አብዛኛውን የሚያቆምህ የፊቱ ነው። ጭቃ ላይ በአንድ ጣት፣ በስሱ፣ ቀጥ ብለህ እያለህ። መሪ ዞሮ እያለ አይነካም። ወድቀህ ከሆነ የጣልህ ፍሬኑ ሳይሆን አራቱም ጣትህ ነው።

የዘጌው፦ ማንሻው ከበደኝ። ማንሻው ሥር ዘይቱን የሚገፋውን ማስተር በትልቅ ብቀይረው ይቀላል?

መልስ፦ ይብሳል! ሁሉም እዚህ ላይ ይሳሳታል። የማስተሩ ፒስተን አግድሞሹ 9 ሚሊ ሜትር ቢሆንና 11 ብታደርገው ዘይቱን የሚገፋው ገጹ በግማሽ ያህል ይሰፋል። ማንሻው ትንሽ ገብቶ ይቆማል፣ ለእጅ ደንዳና ይሆናል፣ ብዙ ሰውም «ኃይለኛ ሆነ» ይላል። እውነቱ ግን በያው የጣት ኃይል የምታገኘው ግፊት በሲሶ ያህል ይቀንሳል። እንዲቀልህ ከፈለግህ ትንሽ ማስተር ነው፤ ያኔ ማንሻው ሩቅ ይገባል፣ እስከ መያዣው እንዳይደርስ ተጠንቀቅ። ሁለቱን በአንዴ ማግኘት የለም። ባትነካው ደስ ይለኛል። ማንሻው የሚዞርበትን ብሎን አጥበህ ቀባው፣ ግማሹ ክብደት እዚያ ሊሆን ይችላል።

የአንዳሳው፦ ሽቦ የለበሰ የፍሬን ቱቦስ?

መልስ፦ ጥሩ ነው። የጎማው ቱቦ ሲያረጅ በግፊት ያብጣል፣ ይኼኛው አያብጥም። ስሜቱ ይጠራል፤ ጉልበት አይጨምርም። የጭቃ ሞተር ሹካ ብዙ ስለሚዘረጋ የፊቱን ጎማ አንጠልጥለህ፣ መሪውን ግራና ቀኝ አዙረህ ቱቦው እንደማይወጠር እይ። ቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር ማስወጣት እንዳትረሳ። ጥቃቅን አረፋ እምቢ ካለህ ማንሻውን በከመነዳሪ ቁራጭ አጥብቀህ አስረህ አሳድረው፣ ጠዋት ጠንክሮ ታገኘዋለህ።

አዲስ ገቢ፦ ሁሉም ስንት ብር ይፈጃል?

መልስ፦ ዋጋ አልናገርም። ነገ ይለወጥና «ጋሼ ዋሸን» ትላላችሁ።

ባለ ሆንዳው፦ የፊቱ ሲይዝ አፍንጫው ይደፋል። ሞላውን ልቀይር?

መልስ፦ የሞላ ሰው አይደለሁም።

የአዴቱ፦ ሸራዬን ዘይት ነካው። ከሰል ላይ ብጠብሰው ይወጣል ይላሉ።

መልስ፦ ቡና ልትቆላ ነው? ዘይቱ ውስጡ ገብቷል፤ ላዩ ይደርቃል፣ ሲግል ተመልሶ ይወጣል። ጣለው። ዲስኩን በአልኮል ጥረገው። ውስጡን፣ ማለት ፒስተኑንና ጎሚኒውን፣ በራሱ በፍሬን ዘይት እጠብ። ቤንዚን ወደ ጎሚኒ አይቅረብ ብያለሁ።

የዘጌው፦ ቢቀርብ ግን ምን ይሆናል?

መልስ፦ በራሴ የደረሰውን ልንገርህ። አንድ ጋራዥ ሞተሬን አሳድሬ ሄድኩ። ልጁ ማጠራቀሚያው ጎድሎ አይቶ በደግነት የሞተር ዘይት ሞላበት። በማግሥቱ ከመሸንቲ ስመለስ የፊት ጎማ እየከበደኝ መጣ። ማርሽ ቀነስኩ፣ አሁንም ይጎትታል። ወረድኩ። ዲስኩ ላይ ምራቅ ጣል ባደርግ ጭስስ አለ። ጎሚኒው አብጦ ዘይቱ የሚመለስባትን ቀጭን ቀዳዳ ደፍኗታል፤ ፍሬኑ ራሱን ይዞ አልለቅ አለ። የካሊፐሩን ማስተንፈሻ በቁልፍ ከፍቼ፣ ጢስስ ብሎ ሲተነፍስ ጎማው ዞረ። ከዚያ ያለ ፊት ፍሬን፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ላም ሁሉ እየቀደመኝ ገባሁ። ማስተሩ፣ ቱቦው፣ የካሊፐሩ ጎሚኒ፣ ሁሉም ተጣለ። ቤንዚንም እንደዚሁ ነው የሚያሳብጥ። አሁን ገባህ?

የቀበሌ 14 ልጅ፦ ጋሼ፣ የኔ ጥያቄ ታለፈ። ፍሬኔ አይዝም።

መልስ፦ ሦስት ነገር ጠይቄህ ነበር።

የቀበሌ 14 ልጅ፦ ኬቲኤም 350 ነው። የኋላው። ፔዳሉ ለስልሶ ይገባል። ሁለት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ስረግጠው ይመጣል።

መልስ፦ ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ የሚመጣ ከሆነ አየር ሳይገባ አልቀረም። መስኮቱ ላይ ዘይቱ ምን ይመስላል?

የቀበሌ 14 ልጅ፦ የቱ መስኮት?

መልስ፦ ነገ 2 ሰዓት ሞተሩን እየገፋህ ቤት ና። እየነዳህ አይደለም። 8 ቁጥር ቁልፍና ያልተከፈተ ዶት 4 ያዝ።