በመጀመሪያ በታየችው ወፍ ላይ ብቻ ጥናትዎን አይመሥርቱ

ውድ ጠያቂያችን፣ ዘማሪ ወፎች በፀደይ ከፍልሰት የሚመለሱበት ጊዜ ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር እንዴት እንደተቀየረ ለማጥናት አስበዋል፤ ለዚህም ከአንድ የወፍ መከታተያ ጣቢያ መዝገብ እያንዳንዱ ዝርያ በየዓመቱ መጀመሪያ የታየበትን ቀን አውጥቶ ከጣቢያው የፀደይ ሙቀት ጋር ማነጻጸር ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። አይበቃም። የመመረቂያ ጥናቴን የሠራሁት በዚሁ ርዕስና በተመሳሳይ መዝገብ ስለሆነ፣ ያንገበገበኝንም ያኮራኝንም እጽፍልዎታለሁ። በወፍ እግር ላይ ስለሚደረገው ባለ ቁጥር ቀለበት አስተሳሰርና ስለ ዝርያ አለያየት የሚያውቁትን ግን አልደግምም።

አንደኛ፣ መጀመሪያ የታየበት ቀን የሚናገረው ስለ አንዲት ወፍ ብቻ ነው፤ እርሷም ከመንጋዋ ሁሉ የተለየች ናት። ተመልካች ሲበዛ ወይም የወፍ መያዣ መረብ ሲጨመር ይህች ቀዳሚ ወፍ የመታየት ዕድሏ ስለሚሰፋ፣ ፍልሰቱ ቅንጣት ሳይለወጥ መድረሻው የቀደመ ይመስላል። የዝርያው ቁጥር ሲመናመን ደግሞ ቀዳሚዎቹን የማግኘት ዕድል ስለሚጠብ መድረሻው የዘገየ ይመስላል። ብዙ ፈላሽ ዝርያዎች እየተመናመኑ ባሉበት በዚህ ዘመን ይህ በቸልታ የሚታለፍ ስሕተት አይደለም። ስለዚህ የወቅቱ ወፎች ግማሽ ያለፉበትን ቀን፣ ማለትም መሃል ከፋዩን ይውሰዱ። በብዙ ዝርያዎች ወንዶቹ ከሴቶቹ ቀድመው ስለሚደርሱ፣ ጾታን መለየት የሚቻልባቸውን ዝርያዎች ለየብቻ ያስሉ። በሰሜን ባሕር በምትገኘው የሄልጎላንድ ደሴት ከ1960 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ጀምሮ በተመሳሳይ አሠራር ከተያዙ ወፎች መዝገብ የአብዛኞቹ ዝርያዎች የፀደይ ጉዞ መቅደሙን ለማረጋገጥ የተቻለው፣ የተሰላው የመላው ወቅት አማካይ ስለነበረና አያያዙም ስላልተቀያየረ ነው።

ሁለተኛ፣ መሃል ከፋዩን ለማውጣት የተያዙትን ወፎች ብቻ መቁጠር አይበቃም፤ በየቀኑ ስንት መረብ ለስንት ሰዓት እንደተዘረጋና መረብ ተዘርግቶ ምንም ያልተያዘበት ቀን የትኛው እንደሆነ ማወቅ ግድ ነው። እኔን ያንገላታኝ ይኸው ነው። መዝገቡን የጠየቅሁት መሥሪያ ቤት የአስርት ዓመታት መረጃ ይዟል። ደብዳቤዬ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲንከባለል ከርሞ በመጨረሻ የተሰጠኝ የኮምፒውተር ሠንጠረዥ የያዘው ቀኑን፣ ዝርያውንና የቀለበቱን ቁጥር ብቻ ነበር። ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ወፍ ያልተያዘበት ቀን ሁሉ ተዘሏል፤ የመረቡ ርዝመትና የተዘረጋበት ሰዓትም እንዲሁ ቀርተዋል። በእንዲህ ዓይነት ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ቀን ጎድሎ ሲያገኙ፣ መረብ ተዘርግቶ ወፍ ጠፍቶ ይሁን ወይም በነፋስ ምክንያት መረቡ ጨርሶ ሳይዘረጋ ቀርቶ ይሁን የሚለዩበት መንገድ የለም። የመጀመሪያው ስለ ፍልሰቱ የሚናገር እውነተኛ መረጃ ሲሆን ሁለተኛው ግን ምንም አይናገርም።

ይህን ላስረዳ ቢሮ ድረስ ስሄድ ኃላፊው ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «ወፍ ያልተያዘበት ቀን ምን ይሠራልሃል? የተያዘውን ሰጥተንሃል» ብሎ አሰናበተኝ። የመስክ ደብተሮቹን ልይ ብዬ ስጠይቅም ለተማሪ አይፈቀድም ተባልሁ። ጎህ ሳይቀድ በብርድ ተነሥተው መረብ የዘረጉት ሰዎች ባዶውን ቀን ሳይቀር በጥንቃቄ መዝግበዋል፤ የእነርሱ ድካም በአንድ ገልባጭ ችኮላ መና መቅረቱ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። መላ የተገኘው በጣቢያው ረጅም ዘመን ካገለገሉ አንድ ጡረተኛ ነው፤ የየዕለቱን ማስታወሻ ቅጂ በቤታቸው አስቀምጠው ኖሮ፣ የምፈልገውን ገና ሳልጨርስ ገባቸው፤ ደብተሮቹንም ሳይሰስቱ አዋሱኝ። ገጽ በገጽ ስገለብጥ የመረቡ ርዝመት ከዓመት ወደ ዓመት እየተጨመረ መምጣቱ ታየኝ። የመሥሪያ ቤቱን ሠንጠረዥ ብቻ ይዤ ብቀር ኖሮ ሁሉም ዝርያ ቀድሟል ብዬ በጻፍሁ ነበር። የመረቡን ርዝመትና ሰዓት በስሌቱ ካስገባሁ በኋላ ግን አጭር ርቀት የሚፈልሱት መቅደማቸው ጸንቶ ሲቀር፣ ሰሃራን ከሚሻገሩት በአንዳንዶቹ የታየው መቅደም አብዛኛው ከመረብ መብዛት የመጣ ሆኖ ተገኘ። ገምጋሚዎቼ ብዙ የሞገቱት በዚህ ክፍል ላይ ነበር፤ ክፍሉ ግን ሳይነካ አለፈ፤ እኮራበታለሁ።

የሙቀቱ ነገርም ከዚሁ ይያያዛል። በምዕራብ አፍሪካ የምትከርም ወፍ የሰሜን አውሮፓ ፀደይ ቀድሞ መሞቁን ካለችበት ሆና ልታውቅ አትችልም። ጀርመናዊው የወፍ ተመራማሪ ኤበርሃርድ ግቪነር ወፎችን ቀንና ሌሊቱ በማይለዋወጥ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ፣ ላባ መለወጣቸውና የፍልሰት ወቅት የሌሊት መቁነጥነጣቸው በአንድ ዓመት ገደማ ዑደት እንደሚመላለስ አሳይቷል፤ ወፏ በውስጧ የዓመት ሰዓት አላት፤ ይህንንም ሰዓት የምታስተካክለው በቀን ርዝመት ነው፤ የቀን ርዝመት ደግሞ በአየር ንብረት አይለወጥም። ተመራማሪዎቹ ክርስቲያን ቦትና ማርሴል ቪሰር በ2001 ባወጡት ጥናት፣ በኔዘርላንድ የምትራባው ፓይድ ፍላይካቸር የተባለች ትንሽ ፈላሽ ወፍ እንቁላል የምትጥልበትን ጊዜ ብታስቀድምም መድረሻዋ ባለመቅደሙ፣ ጫጩቶቿን የምትመግበው አባጨጓሬ ከሚበዛበት ጊዜ ጋር መተላለፏን ያስረዳሉ። በ2006 ደግሞ አባጨጓሬው እጅግ ቀድሞ በሚበዛባቸው ጫካዎች የዚህች ወፍ ቁጥር በሁለት አስርት ዓመታት ውስጥ 90 በመቶ ያህል መቀነሱ ታትሟል። ስለዚህ ከጣቢያው ሙቀት ይልቅ ወፎቹ የከረሙበትን ምድር ዝናብና ያረፉባቸውን ቦታዎች ሁኔታ ያስቀድሙ። በ2011 የአፍሪካ ቀንድ በድርቅ ሲመታ፣ ከደቡባዊው የአፍሪካ ክፍል ተነሥተው በዚያ የሚያልፉት ጀርባ ቀዩ ሽራይክና ትረሽ ናይቲንጌል የተባሉት ወፎች በቀንዱ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ቆይተው አውሮፓ ዘግይተው ደርሰዋል። የመድረሻውን ሙቀት ብቻ የያዘ ተመራማሪ የዚያን ዓመት መዘግየት ሊያብራራ አይችልም።

ስሌቱን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሙቀቱም የመድረሻ ቀኑም ከዓመት ዓመት በአንድ አቅጣጫ እየተጓዙ ከሆነ፣ ምንም የምክንያት ትስስር ባይኖራቸውም የተያያዙ ይመስላሉ። ከሁለቱም ላይ የዓመታቱን አዝማሚያ አስወግደው የቀረውን ልዩነት ያነጻጽሩ፤ ይህን ሳያደርጉ የሚያገኙትን ቁጥር አልቀበልም።

በዚህ መድረክ ለጥያቄዎ መልስ ከሰጡ አባላት አንዱ መዝገቡን ትተው ጂኦሎኬተር የተባለውን፣ የወፏን የጉዞ መስመር ለማወቅ የሚያገለግል ትንሽ መሣሪያ በወፎቹ ላይ እንዲያስሩ መክሯል። መሣሪያው ድንቅ ነው፤ ሽራይኩና ናይቲንጌሉ የት እንደዘገዩ የታወቀውም በእርሱ ነው። ይሁንና ለጀማሪ አልመክረውም። ክብደቱ ከወፏ ክብደት ከ3 እስከ 5 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚመከር፣ 12 ግራም የምትመዝን ወፍ በ3 በመቶው ልክ መሸከም የምትችለው 0.36 ግራም ብቻ ነው። መረጃውን ለማንበብም ያቺኑ ወፍ በሚቀጥለው ዓመት መልሶ መያዝ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ መሣሪያው የወፏን ቦታ የሚገምተው ከፀሐይ መውጫና መግቢያ ስለሆነ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመጋቢትና በመስከረም ሰሞን የሰሜን ደቡብ ልኬቱ አያስተማምንም፤ ብዙ ወፎች በጉዞ ላይ የሚሆኑትም በዚያው ሰሞን ነው።

ስለዚህ ከመዝገቡ አይውጡ፤ ደብዳቤውን ግን ዛሬውኑ ይጻፉ። የየቀኑን የመረብ ርዝመት፣ መረቡ የተዘረጋበትንና የተነሣበትን ሰዓት፣ መረብ ያልተዘረጋባቸውን ቀናት ከነምክንያታቸው፣ ተዘርግቶ ምንም ያልተያዘባቸውንም ለይተው እንዲሰጡዎት በዝርዝር ይጠይቁ፤ አማካሪዎም አብሮ ይፈርም። ሠንጠረዡ ውስጥ የለም ካሉዎት ደብተሮቹን እዚያው ተቀምጠው ፎቶ ለማንሣት ፈቃድ ይጠይቁ፤ ያንንም ከከለከሉዎት በጣቢያው መረብ ሲዘረጉ የኖሩትን ሰዎች ፈልገው ያነጋግሩ።