ከሥራ የወጣ የፖሊስ ካፕሪስ ለገዛችሁ፦ ጥያቄና መልስ

እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1996 የተሠሩትን የሼቭሮሌ ካፕሪስ የፖሊስ መኪኖች (9ሲ1) ለግል መንጃ ለምታድሱ፦ ስለ ሞተርና ኤሌክትሪክ ጠይቁ። ቀለም የኔ ሥራ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እውነተኛ 9ሲ1 መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ክዳን ሥር የተለጠፈው ወረቀት ላይ 9ሲ1 የሚል ኮድ ፈልግ። ከዚያ የሻንሲ ቁጥሩን 8ኛ ፊደል እይ። ፒ ከሆነ ባለ 260 የፈረስ ጉልበቱ 5.7 ሊትር ኤልቲ1 ሞተር ነው። ደብሊው ከሆነ 4.3 ሊትሩን ነው የገዛኸው። ከውጭ አይለዩም፤ ሻጭ ቢምልም አትመነው።

ጥያቄ፦ 70,000 ማይል ብቻ ነው የተነዳው። ጥሩ ግዢ ነው አይደል?

መልስ፦ ይሄው መጣ! የፖሊስ መኪና መንገድ ዳር ቆሞ ሚኒሞ ላይ (ሞተሩ ተነሥቶ ሳይሄድ) ነው የሚውለው። ማይል ቆጣሪው ደግሞ ጎማ ካልዞረ አይቆጥርም። ፎርድ ለራሱ የፖሊስ መኪኖች የአንድ ሰዓት ሚኒሞ እንደ 33 ማይል ይታሰብ ይላል። በቀን አራት ሰዓት ቢቆም 132 ማይል ነው፤ የትም አልተጻፈም። ቁጥሩን ተወውና ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ሚኒሞ ላይ የዘይት ግፊቱን እይ።

ጥያቄ፦ ዝናብ ሲዘንብ ሞተሩ ይንተፋተፋል።

መልስ፦ ኦፕቲስፓርኩ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ይሄ ዲስትሪቢተር (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው) የተቀመጠው ከሞተሩ ፊት፣ ከውሃ ፓምፑ ሥር ነው፤ ፓምፑ ሲያንጠባጥብ በቀጥታ እሱ ላይ ነው። ፓምፑን ሳትቀይር እሱን ብቻ ብትቀይር ገንዘብህን ደፋኸው።

ጥያቄ፦ ጥቁርና ነጩን ቀለም ልተወው?

መልስ፦ ቀለም አልኩ እኮ።

አንድ አባል፦ ይተወው እንጂ! ታሪኩ ነው።

ሌላ አባል፦ ታሪክ? ፖሊስ መስሎ መንዳት ያስከስሳል።

አንደኛው፦ መብራቱ ከተነሳ ማን ይከሰዋል?

መልስ፦ በቃ! ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ ታርጋ የሚሰጣችሁን ቢሮ ጠይቁ። ቀይና ሰማያዊ መብራቱን፣ ሳይረኑንና ጽሑፉን ግን አንሱ።

ጥያቄ፦ ባትሪዬ ካደረ ይሞታል። መብራቱና ሬዲዮኑ ተነቅለዋል።

መልስ፦ ዕቃው ተነቅሏል፤ ሽቦው ግን አለ። የሚነቅሉት ሰዎች በጉጠት ቆርጠው ነው የሚሄዱት፤ ምንጣፉ ሥር ኤሌክትሪክ ያለው ጫፍ ታገኛለህ። ባትሪ ሳትነቅል ሽቦ እንዳትነካ! መጀመሪያ ቁልፉን አጥፍተህ አምፔር መለኪያውን በነጌቲቩ ገመድና በባትሪው መካከል አስገባ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶም ከ50 ሚሊአምፔር በላይ ካሳየ የሚጠጣ ነገር አለ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀል፤ የቱ ጋ እንደሚወርድ እይ። ምንም ካልወረደ፣ ፖሊሶቹ የጨመሩት መስመር በቀጥታ ከባትሪው ነው የተጠለፈው። ቴፕ ጠቅልለህ አትተወው፤ ከምንጩ አውጣው። ጣሪያው ላይ የተበሳውንም በብየዳ ድፈን፤ የጎማ ውታፍ ውሃ ያስገባና ያንኑ ሽቦ ያበላሸዋል።

ጥያቄ፦ ስለ ሽቦው ምን ይመክራሉ?

መልስ፦ ስለ የትኛው ሽቦ? ከላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ የኋላ በሮቹ ከውስጥ አይከፈቱም። ልጆች ነው የምጭንበት።

መልስ፦ እህቴ፣ ሳታሠሪው አንድም ልጅ አትጫኚበት። እስረኛ እንዳይከፍተው ተብሎ የውስጥ መክፈቻው ዘንግ ተነጥሎ ነው፤ የበሩን ሽፋን ፈትቶ ዘንጉን ማገናኘት ነው። ቁልፉንም ቀይሪ፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ለመኪኖቻቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ቁልፍ ነው የሚያሠሩት፤ ያንቺን የሚከፍት ሌላ ሰው እጅ ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ ስንት ያወጣል?

መልስ፦ ሳላየው አልገምትም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አሁን ሽቦውን እየቆረጥኩ ነው፣ ብልጭ አለብኝ።

መልስ፦ ባትሪውን ነቅለሃል?